ሞንታርቦው በማን እጅ ነው? ስለ ዘፈንና ስለ ጠብ ደሴ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ፤ አሰላሙ አለይኩም። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ በዚህ ጉም የመጣችሁትን በተለይ አመሰግናለሁ። ደሴ ብርዷን ከእንግዳ አትደብቅም።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ በዘፈን ግጥም ውስጥ ያለ የጠብና የግድያ ቃል በኅብረተሰቡ ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ እንድናገር ነው። ምን እንደሚጠበቅብኝ ገብቶኛል። ወላጆች ራፕን እንድረግምላችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ወጣቶች ደግሞ «ሙዚቃ ሙዚቃ ነው፣ ተዉን» እንድልላችሁ። ሁለታችሁንም ሳላስቀይም የምወርድ አይመስለኝም።

ከራፑ ልጀምር። የውጭ አገር ዓመቶችን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1996 ካሪ ፍሪድ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ አንድ ሙከራ አሳተሙ። ፖሊስ ስለገደለ ሰው የሚተርክ፣ በ1960 የተቀዳ አንድ የቆየ ዘፈን ግጥም ወሰዱና ለተለያዩ ሰዎች ሰጡ። ለአንዱ ወገን «ይህ የራፕ ግጥም ነው» አሉት፤ ለሌላው «ካንትሪ የሚባለው የገጠር ዘፈን ነው» አሉት። ቃሉ አንድ፣ ስንኙ አንድ ነው። ራፕ የተባሉት ሰዎች ግጥሙ አስጸያፊ ነው፣ አደገኛ ነው፣ ቁጥጥር ያስፈልገዋል አሉ። የገጠር ዘፈን የተባሉት ይህን ያህል አልከፋቸውም። የዘፋኙን ፎቶግራፍ ጥቁር ወይም ነጭ አድርገው ሲያሳዩም ፍርዱ እንደዚያው ተለዋወጠ። ሰዎቹ የፈረዱት ግጥሙ ላይ ሳይሆን ዘፋኙ ላይ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሙከራ ደሴ ቢደረግ ውጤቱ የሚለይ አይመስለኝም። ከአንድ ቀረርቶ አራት ስንኝ ቆርጬ፣ ኮፍያ የደፋ ልጅ ስቱዲዮ ገብቶ የጻፈው ነው ብዬ ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ወደ ፖሊስ ትደውላላችሁ። ፉከራችን፣ ሽለላችንና ቀረርቷችን ከማንም ራፕ የለሰለሱ አይደሉም። ደም አለባቸው፤ ሬሳ አለባቸው፤ ጠላትን ለአሞራ መጋበዝ አለባቸው። መግደል ሙገሳ በሆነበት ግጥም ያደግን ሰዎች ልጆቻችንን ስለ ፈረንጅ ዘፈን ስንቆጣ ልጆቹ ቢስቁብን አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ያ ግጥም ብቻውን አልነበረም። ወጣቶች ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ፎካሪ ጦሩን ወይም ጠመንጃውን ይዞ ከሰው መካከል ይነሣል፤ «ዘራፍ» ይላል፤ የአባቱን ስም፣ የጌታውን ስም፣ የዋለበትን ሜዳ ይጠራል፤ ከዚያ ያደረገውን ይናገራል። የሚናገረው ስለ ራሱ ነው። የሚሰሙትም አብረውት የዋሉ ሰዎች ናቸው። በ1888 ዓ.ም. ከራስ ሚካኤል ጋር ዓድዋ የዘመተ የወሎ ፈረሰኛ ተመልሶ ቢፎክር፣ ከጎኑ የጋለበው ጓዱ እዚያው ተቀምጦ ይሰማው ነበር። ያልዋለበትን ቢጠራ መሳቂያ ይሆናል። ጊዜም ነበረው፦ ዘመቻ ሲታወጅ፣ ከአደን ሲመለስ፣ ግብር ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ደቦ ላይ ሥራ ሲከብድ። ልቅሶ ቤት የራሱ ሌላ ግጥም ነበረው። ፎካሪው ሲግል ደግሞ «ይብቃህ» ብሎ ጠመንጃውን የሚቀበለው ታላቅ ሰው ከአጠገቡ አይጠፋም።

የድሮውን እያቆነጀሁላችሁ አይደለም። ደም በሚመላለሱ ቤተሰቦች መካከል፣ ደሙ ያልተመለሰለት ሟች እህት ሙሾ ላይ የምታወርደው ግጥም ስንት ወንድ ጫካ እንዳስገባ ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። ግጥም ሰው ያስገድላል፤ ይህን ከአሜሪካ ጥናት መማር አያስፈልገንም። ግን ለዚያም አብራጅ ነበረው። በወሎ አስታራቂው አበጋር አለ፤ ዱዓ አድራጊዋ ዱበርቲ አለች፤ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ደም የሚያደርቅ ሥርዓት አለ። ግጥሙ የሚያነድደውን የሚያበርድ ሰው በዚያው መንደር ይኖር ነበር።

ዛሬ ግጥሙ ከጊዜውም፣ ከሰዎቹም፣ ከአብራጁም ተነጥሎ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። ገጣሚው ሌላ ከተማ ነው፤ አንዳንዴም ሌላ አህጉር። የዋለበት ሜዳ ስለሌለ ስላደረገው ሊዘፍን አይችልም፤ እናንተ ልታደርጉት ስለሚገባው ይዘፍናል። ተነሣ፣ በለው፣ ምን ትጠብቃለህ ይላል። የድሮው ፎካሪ ለፉከራው በገዛ ገላው ከፍሎበታል። የዛሬው ሒሳቡን ለኮምቦልቻ ልጅ ይልክለታል።

ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። እንደ አገራችን ወግ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ማዕድ ለየብቻ ተሰናድቷል፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ዲጄው በወሎ ዘፈን ጀመረ፤ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ትከሻቸውን ሰበቁ። አመሻሽ ላይ ሚዜዎቹ ወደ ዲጄው ጆሮ ተጠግተው አንድ ነገር አሉትና ከሞንታርቦው በጦርነቱ ሰሞን የተሠራ ዘፈን ወጣ። የዘፈኑን ስም አልጠራም፤ የየትኛው ወገን እንደሆነም አልናገርም፤ ሁሉም ወገን አምሳያው አለው። አዝማቹ አጭር ነው። አንድ ሕዝብ በቅጽል ስም ይጠራል፤ ምን ሊደረግ እንደሚገባው ይነገራል። ድንኳኑ ተቀበለው። ከፊት ለፊቴ ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ የሱፍ እጅጌው መዳፉን የሸፈነው፣ ሁለት ጣቱን አሹሎ የእኩያው ግንባር ላይ ደቀነ። እኩያው ሳቀ። የእኩያው እናት አልሳቀችም። ይቺ ሴት የሙሽሪት እናት ጎረቤት ናት፤ ለዚያ ሰርግ ስንት ቀን ሽንኩርት ስትልጥ የሰነበተችው እሷ ናት። በቅጽል የተጠራው ሕዝብ ደግሞ የእሷ ነው። ወዲያው አልተነሣችም። ማጨብጨቧንም አላቆመችም፤ ብታቆም ይታያላ! አዝማቹ ዳግም ሲዞር ልጇን በክንዱ ይዛ «መሽቶብናል» ብላ ወጣች። ኬክ ገና አልተቆረሰም።

ማንም አልነካትም። ከዘፈኑ በኋላ ማንም ድንጋይ አላነሣም፤ ሰርጉ በሰላም አለቀ። እንግዲህ «ዘፈኑ ምን ጉዳት አደረሰ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጉዳቱ ይህ ነው። ስለ ተጽዕኖ ስናወራ ሁልጊዜ ዱላ የሚያነሣውን ልጅ እንፈልጋለን። መጀመሪያ የሚነካው ግን ስሙ የተጠራበት ሰው ነው። ቀጥሎ የሚነካው ዝም ያለው ሰው ነው። እዚያ ድንኳን ውስጥ አዝማቹ የከበደው ሰው እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ፊታቸውን አይቻለሁ። ግን እያንዳንዳችን ዙሪያችንን ስናይ ሌላው ሁሉ ሲያጨበጭብ አየን። ዘፈን ከጋዜጣ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጋዜጣ ብቻህን ታነባለህ፤ አዝማች ግን ከሰው ጋር ትቀበላለህ፤ ሌላውም ሲቀበል ትሰማለህ። በማግስቱ ማንም «ይህ ነገር አይሆንም» ለማለት ቢያስብ፣ ብቻውን የቀረ ይመስለዋል።

ዲጄውን ወጣ ስል አገኘሁትና ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔ ያዘዙኝን ነው የማጫውት» አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ መልሱም ውሸት አይደለም። አዝማሪም ቢሆን ያዘዙትን ይቀበል ነበር። «ተቀበል!» ይለዋል ጠጪው፤ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ይመልስለታል። ግን አዝማሪው ዓይን ነበረው። ቤቱ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ያያል። የተሰጠው ስንኝ አንዱን እንግዳ በስድብ የሚያቆስል ከሆነ ሙያው ያለው አዝማሪ ቃሉን አጥፎ፣ ሰሙን ለሰጪው ወርቁን ለሰሚው አድርጎ ሁለቱንም አስቆ ይወጣል። ካልሆነለት ደግሞ በትሩ እሱ ላይ ያርፋል። ሞንታርቦ ይህን ማድረግ አይችልም። ዲጄው ግን ይችላል፤ ዓይን አለው።

ዛሬ ትልቁን «ተቀበል» የሚለው ደግሞ ጠጪው አይደለም። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ያለው የተመልካች ቁጥር ነው። ወጣት ድምፃውያን ሲነግሩኝ፣ ስለ ፍቅር የሠሩት ዘፈን ሳይታይ ይቀራል፤ በአንድ ሕዝብ ላይ የዛቱበት በአንድ ሌሊት ይዛመታል። ይህ ባሕርይ የእኛ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ ድሪል በሚባለው የራፕ ዓይነት አንዱ ሰፈር ሌላውን ሰፈር በስም እየጠራ ሲዝትበት፣ ፖሊስ ዩቲዩብን እየጠየቀ ቪዲዮዎች ሲያስነሣ ኖሯል። በ2019 ሁለት ወጣት ድምፃውያን የተከለከሉትን ዘፈን መድረክ ላይ በማቅረባቸው የእስራት ቅጣት ተወስኖባቸው በገደብ ተለቀቁ።

አሁን «ሳይንሱ ምን ይላል?» ለምትሉት ልመለስ፤ ብዙ ሰው ከሁለት ጥናት አንዱን ብቻ መዝዞ ስለሚመጣ ሁለቱንም አቀርባለሁ። በ2003 ክሬግ አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ ከ500 በላይ የኮሌጅ ተማሪዎች የተሳተፉባቸውን አምስት ሙከራዎች አሳተሙ። ግማሹ ጠብ ያለበት ዘፈን ሰማ፤ ግማሹ የሌለበትን። ከዚያ እንደ ድንጋይና ዱላ ያሉ፣ ሁለት መልክ ያላቸው ቃላት ቀረቡላቸው፤ ድንጋይ መሠረትም ይሆናል፣ መወርወሪያም ይሆናል። ጠብ ያለበትን የሰሙት ቃላቱን ወደ ጠብ አዘነበሏቸው፤ የቁጣ ስሜታቸውም ከፍ አለ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግን ይህ ስሜት ቶሎ ሊበርድ እንደሚችል አልሸሸጉም። በሌላ በኩል በ2015 አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ እንደ ሄቪ ሜታል ያለ የጩኸት ሙዚቃ የሚወዱ 39 ሰዎችን መጀመሪያ አናደዷቸው፤ ከዚያ ገሚሱ የሚወደውን ሙዚቃ እንዲሰማ፣ ገሚሱ በዝምታ እንዲቀመጥ አደረጉ። ሙዚቃው ንዴታቸውን አላባባሰውም፤ የሰሙትም በዝምታ የተቀመጡትም በረዱ፤ የሰሙት እንዲያውም ተነቃቁ።

ሁለቱም ጥናት ትክክል ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የሚለኩት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ማታ ማታ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚሄድ ልጅ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልጨነቅም። የኮምቦልቻው ድንኳን ግን በየትኛውም ቤተ ሙከራ ውስጥ የለም።

አንድ ጥናት ግን ሳላነሣ አላልፍም፤ ምክንያቱም እዚህ የተቀመጡት እናቶችና እህቶች ጉዳይ ነው። በ2006 ፒተር ፊሸርና ቶቢያስ ግራይተማየር የተባሉ ተመራማሪዎች ጀርመን ውስጥ ወንዶችን ሴት የሚያዋርድ ዘፈን አሰሟቸው። ከዚያ ሌላ ጥናት ነው ብለው፣ ለአንዲት ሴት የሚቀርብ የሚያቃጥል ስጎ እንዲቀዱ ጠየቋቸው። የሚያዋርደውን ዘፈን የሰሙት ወንዶች ለሴቲቱ አብዝተው ቀዱላት። እኛ በርበሬ አብዝተን የምንበላ ሕዝብ ስለሆንን ያን ያህል አያስደነግጠን ይሆናል። ግን አስቡት፤ ልጅቱን አያውቋትም፣ አላስቀየመቻቸውም፣ የሰሙት ጥቂት ዘፈን ብቻ ነው።

እኛ ስለ ጠብ ዘፈን ስናወራ ጦርነትን ብቻ እናስባለን። በፍቅር ዘፈኖቻችን ውስጥ ያለው ዛቻ ግን በየቀኑ፣ በየካፌው፣ በየሚኒባሱ ይሰማል፤ ማንም አይቆጥረውም። እምቢ ያለችውን እወስዳታለሁ የሚል፣ ሌላ ካገባች ጉዷን አያለሁ የሚል፣ ጠለፋን እንደ ጀግንነት የሚያወራ ግጥም ስንት ሰምታችኋል? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱን ይተውለት ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን መውጫ ዘጋው፤ በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሕጉ ከተለወጠ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ዘፈኑ ገና 1949 ላይ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በአገራችን ስም የሚጠሩ እኛ፣ ስለ ፍቅር ለመዝፈን ዛቻ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ልሂድ። ሲሞን ቢኪንዲ የሩዋንዳ ዘፋኝ ነበር፤ ታዋቂ፣ ባህላዊ የውዝዋዜ ቡድን የነበረው፣ ሰርግና በዓል የሚያደምቅ ሰው። በ1994 እልቂት ሰሞን ሬዲዮ ሚል ኮሊን የሚባለው ጣቢያ ዘፈኖቹን ደጋግሞ ያሰማ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አሩሻ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ተከሰሰ፤ በታኅሣሥ 2008 የ15 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ብዙ ሰው «በዘፈኑ የታሰረው ዘፋኝ» ይለዋል። እንደዚያ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ዘፈኖቹ የዘር ጥላቻን እንደቀሰቀሱ ተቀብሏል። ነገር ግን የተቀናበሩት ከእልቂቱ በፊት ነው፤ በ1994 በሬዲዮ እንዲሰሙ ያደረገው እሱ ስለመሆኑም አልተረጋገጠም። የተፈረደበት በሌላ ነገር ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ በኪቩሙና በካዮቬ መካከል ባለው መንገድ፣ ድምፅ ማጉያ በተገጠመለት መኪና እየሄደ ብዙኃኑ ሁቱዎች ተነሥተው አናሳዎቹን ቱትሲዎች እንዲያጠፉ ተናገረ። ሲመለስ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ እባብ እያለ የሚጠራቸውን ሰዎች እየገደሉ እንደሆነ ጠየቀ።

ይህን ፍርድ ለብዙ ጊዜ ሳሰላስለው ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ዘፈኖቹ እንዴት ነጻ ወጡ ብዬ ተናድጄ ነበር። አሁን ዳኞቹ ትክክል ይመስሉኛል፤ የእኛንም ጉዳይ ያበራልኛል። ዘፈኑ ለዓመታት ሰውን አንድ ላይ አጨብጭቦ እንዲለምድ አድርጎታል፤ ማን እባብ እንደሆነ፣ ጎረቤት ይህን ሲሰማ ዝም እንደሚል አስተምሮታል። ያ ሁሉ ግን ገና የግድያ ትእዛዝ አልነበረም። ትእዛዝ የሆነው መንገዱ ላይ ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው «አሁን፣ እናንተ፣ እነዚህን» ሲል ነው። ሕግ መያዝ የሚችለው የኋለኛውን ነው። የፊተኛው ለዳኛ አይመችም፤ ከዳኛ በፊት ለእኛ የተተወ ነው።

ስለዚህም «መንግሥት ይከልክል» የሚለው መፍትሔ አያጠግበኝም። የእኛው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ለጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ደንግጎ፣ የኪነ ጥበብ ፈጠራንና ክዋኔን ደግሞ ከክልከላው አውጥቷል። አንዳንዶች ይህን እንደ ቀዳዳ ያዩታል። እኔ እንዲዘጋ አልፈልግም፤ ዛሬ በእኔ የማይወደደውን ዘፈን የሚዘጋ ሹም ነገ ሙሾዬን ይዘጋዋል። ደቡብ አፍሪካውያን «ነጩን ገበሬ ተኩስበት» የሚል የነጻነት ትግል ጊዜ ዘፈን ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ በ2011 አንድ ፍርድ ቤት የጥላቻ ንግግር ነው አለ፤ በ2022 ሌላ ዳኛ አይደለም አለ፤ በ2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የኋለኛውን አጸና። ዘፈኑ ያው ነው፤ ዘመኑና መድረኩ ተለውጧል። አሜሪካኖች በ1985 ሴኔታቸው ድረስ ጉዳዩን ወስደው፣ ካሴት ላይ «ወላጆች ተጠንቀቁ» የሚል ምልክት አስለጠፉ፤ ልጆቹ ያንን ምልክት እየፈለጉ መግዛት ጀመሩ። ከዚህ በላይ ስለ ምልክቱ የምለው የለኝም።

ይልቅ የሚሻለው በእጃችን ያለው ነው። ሰርግ የምትደግሱ ሰዎች፣ ለዲጄው ቀብድ ስትሰጡ የሚጫወተውን ብቻ ሳይሆን የማይጫወተውንም ንገሩት። ወይዘሮዎች ምግቡን ለየብቻ ለማሰናዳት የምትጠነቀቁትን ያህል ዘፈኑም ላይ ብትጠነቀቁ፣ የማይበላውን ለእንግዳ የማያቀርብ ሕዝብ የማይሰማውንም አያቀርብም። ሚዜዎች ቢቆጡ ይቆጡ። ዕድሜያችሁ የገፋ ደግሞ፣ እንደ ድሮው «ይብቃህ» የምትሉበት ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ ያየሁት የሽማግሌ ወንበር ከሞንታርቦው በጣም ርቆ፣ ጥጉ ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተፈቅዶ ነበር፤ ሦስቱን እነሆ።

አንዲት መምህርት፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው በዕረፍት ሰዓት እነዚህን ዘፈኖች እንደሚዘፍኑና ሲከለከሉ የበለጠ እንደሚጮኹ ተናግረው ምን ላድርግ አሉ። እንዲህ መለስኩ፦ እትዬ፣ በመከልከል እንዳይጀምሩ። «ይህ ሰው ማን ነው? የት ነው ያለው? ማንን ነው የሚልከው?» ብለው ይጠይቋቸው። ልጆች ሌላ ሰው እያዘዛቸው መሆኑን ማወቅ አይወዱም። ከዚያ ዜማው ካማራቸው በዜማው ላይ የራሳቸውን ግጥም ይግጠሙበት፤ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ስለ ትምህርት ቤቱ ምሳ የሚገጥመውን ብትሰሙ ትደነቃላችሁ።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ተነሣ። «እኔ ብዘጋው ተሳፋሪው ‹ክፈተው› ይለኛል፤ ረዳቴም ያኮርፋል። መኪና ውስጥ ማን ከየት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለ። ጥያቄው ከእኔ ንግግር ይሻላል። መልሴ ይህ ነበር፦ ስለማታውቅ ነው የምትተወው። ድንኳን ውስጥ የከፋው ሰው ወጥቶ ይሄዳል። አንተ መኪና ውስጥ የከፋው ሰው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ «ውረድልኝ» ሊልህ አይችልም። ዝም ብለህ መንዳት ካልሆነልህ መንዙማም አለ፣ ትዝታም አለ፣ የእግር ኳስ ወሬም አለ።

መጨረሻ ላይ ከኋላ አንድ ወጣት ቆመ። ራፕ እንደሚሠራ ነገረን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ሲገባ ቤተሰቦቹ ምን እንዳገኛቸው በአጭሩ ተናገረ፤ ያለ ፈቃዱ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ «ስለ ሞት አትዝፈን ካሉኝ፣ ያየሁት ሌላ ምን አለ?» አለ። አዳራሹ ዝም አለ።

እንዲህ አልኩት፦ ልጄ፣ ስለ ሞት አትዝፈን አላልኩም። ያየኸውን ዝፈን፤ እንደ ፎካሪው ስምህን ጥራ፣ ሰፈርህን ጥራ፣ የት እንደቆምክና ምን እንደሆንክ ተናገር፤ ንዴትህንም አትደብቅ። ሌላ ሰው የት ሄዶ ማንን እንደሚያገኝ ግን አትንገረው።

«ታዲያ ማን ያየዋል?» አለ፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ።

መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሰው ነው የሚያየው፤ አልዋሽህም። ግን ግጥምህን አምጣው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነጻ ነኝ፤ ክራርም አለኝ። አምባሰል ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል እንሞክረው።